ሪራ ማደር ምን ቀየረ? የአንድ የሐዋሳ አስጎብኚ ድርጅት ጉዳይ

የጉብኝት ዋጋ ዝርዝር ከላይ እስከ ታች የሚያነብ ሰው ብዙ የለም። ሁሉም ዓይኑን የሚጥለው ድምሩ ላይ ነው። «ስንት ነው? ቅናሽ የለውም?» በቃ። እኔ ግን «ደን እንጠብቃለን፣ ማኅበረሰቡን እንጠቅማለን» የሚል አስጎብኚ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ያንን ዝርዝር ነው። ድርጅቱ ለደኑ ያስባል ወይስ አያስብም የሚለው የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። መኪናው ከሐዋሳ ሳይነሳ ነገሩ ተወስኗል።

የዛሬው ጉዳይ ሐዋሳ ውስጥ ስላለ አንድ ትንሽ ድርጅት ነው። ሁለት ላንድክሩዘር፣ ሁለት ሹፌር፣ አንዲት ሒሳብ ያዥ፣ እና ከሁሉም በላይ የምትሮጥ አንዲት ባለድርጅት። የእሷም የድርጅቱም ስም እንዳይጠቀስ ጠይቃኛለች። ምክንያቷ ደስ ብሎኛል፤ «ሪራ ያሉት ሰዎች በኛ ስም ታወቀች እንዳይሉኝ ነው» አለች። ሪራ ባሌ ውስጥ፣ ሐረና ደን አፋፍ ላይ ያለች መንደር ናት።

ሥራ የጀመረችው በሐይቁ ነው። ሐዋሳ የሚመጣ እንግዳ ፕሮግራሙ ይታወቃል። ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ፣ ከዚያ ጀልባ፣ ከዚያ ጉማሬ፣ ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ወክ። አሞራ ገደል ሄዶ የሚያውቅ ሰው አባ ኮዳዎቹን አይረሳም። ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች ናቸው። ዓሣ ከሚበልቱት ልጆች ጀርባ ተሰልፈው አንጀትና ጭንቅላት እስኪጣልላቸው ይጠብቃሉ። አንዱ ልጅ ቁራጭ ዓሣ ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ ወፉ አፉን ይከፍታል፣ እንግዳው ፎቶ ያነሳል፣ ልጁ ብር ይቀበላል። ጀልባው ላይም ያው ነው። ጉማሬው በቀረበ ቁጥር የጀልባ ነጂው ጉርሻ ይጨምራል። ጉማሬ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ባለድርጅቷ ያኔ ያስተዋለችውን በኋላ ባሌ ድረስ ይዛው ሄዳለች፦ ነጂውን ብትቆጣው ዋጋ የለውም፣ ጉርሻው ያለው መቅረቡ ላይ እስከሆነ ድረስ ይቀርባል።

ደን የሚጠይቁ ደንበኞች የመጡት ቆይተው ነው። ሐዋሳ የስብሰባና የሥልጠና ከተማ ናት። ሦስት ቀን አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ቅዳሜና እሑድን ሌላ ቦታ ማሳለፍ ያምረዋል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞችም አሉ፣ ዘመድ ሊጠይቁ የመጡ ዲያስፖራዎችም አሉ። «ጫካ ውሰጂን፣ ግን እውነተኛ ጫካ» ይላሉ። ከፋ ልውሰዳችሁ እንዳትል መንገዱ ረጅም ነው። በሻሸመኔ፣ ኮፈሌ፣ ዶዶላና አዳባ አድርጎ ባሌ መድረስ ግን የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። ስለዚህ ሐረና ሆነ።

ሐረናን ለማያውቅ ትንሽ ልበል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወደ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሰሜኑ ዲንሾ ነው፤ የደጋ አጋዘን እዚያ ዋና መሥሪያ ቤቱ ግቢ ድረስ ገብቶ ይግጣል። የድሮዋን አሥር ሳንቲም ገልብጦ ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ቀንዱ የተጠማዘዘው እሱ ነው። መሐሉ ሳነቴ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ፣ ጅብራ የቆመበት ብርዳም አምባ። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሆኖ ከዚያ ላይ ይታያል። ቀይ ቀበሮዋ ፍልፈል የምታድነው እዚህ ነው። ከሳነቴ ደቡብ ጫፍ ላይ መንገዱ እየተጠማዘዘ ድንገት ወደ ታች ይወርዳል። አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ያልቅና ኮሶ ይመጣል፣ ከዚያ ቀርከሃ፣ ከዚያ ዛፉ ሁሉ ሽበት የመሰለ ነገር የለበሰበት ጭጋጋም ደን። ሐረና ይህ ነው። ወደ ደሎ መና በወረድክ ቁጥር እየሞቀ ይሄዳል፤ ታችኛው ክፍል ላይ ቡና ማንም ሳይተክለው ከዛፍ ሥር ይበቅላል። በጠዋት ጋቢ ለብሶ ውርጭ ያየ ሰው ከሰዓት በሸሚዝ ይቀመጣል። በአንድ ቀን ይህን ያህል ዓይነት ነገር የሚያሳይ መንገድ አገራችን ውስጥ ሌላ አላውቅም።

ፓርኩ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጌዴኦ መልክዓ ምድርም በዚያው ጉባኤ ነው የተመዘገበው። ሐዋሳ በሁለት ቅርስ መሐል ተቀምጣ ስለ ጀልባ ብቻ ማውራቷ ይገርመኛል፤ ይሄ ግን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ዋጋ ዝርዝሩ እንምጣ። የድሮው ጉዞ ሁለት ቀን አንድ ሌሊት ነበር። ቀን አንድ፦ ዲንሾ፣ አጋዘን፣ አዳር ጎባ ሆቴል። ቀን ሁለት፦ ሌሊት ተነስቶ ሳነቴ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ወደ ሐረና ወረድ ብሎ አንድ ሰዓት፣ ፎቶ፣ ሪራ ላይ ሻይ፣ መመለስ። ሐዋሳ የሚገባው ማታ ነው። እንግዳው ደኑን ያየው በመኪና መስኮት ነበር ማለት ይቻላል።

ገንዘቡስ? ትልቁ መኪናና ናፍጣ። ቀጥሎ ሆቴል። ቀጥሎ የፓርክ መግቢያ፣ አስጎብኚና ስካውት የሚባለው የፓርክ ጠባቂ። ሪራ የሚደርሰው የሻይ ዋጋ ነው። ሪራ ደግሞ ዝም ብላ የመንገድ ዳር መንደር አይደለችም። ፓርኩ ክልል ውስጥ፣ ደኑ አፋፍ ላይ ያለች ቀበሌ ናት። ቤቱም አጥሩም ከቀርከሃ ነው። ከብት አላቸው፣ ማር ይቆርጣሉ። ደኑ ይቆይ አይቆይ የሚለው ነገር ከማንም በላይ የሚወሰነው በእነሱ እጅ ነው። አንድ ቀፎ የሚሰቅል አዛውንት ለሹፌሩ የተናገሩት በድርጅቱ ውስጥ እስከ ዛሬ ይነሳል፤ «መኪናችሁን እናውቀዋለን። እናንተን አናውቃችሁም።»

ሹፌሩ ጋሼ እንለው። ድርጅቱ ውስጥ ሁሉም እንዲያ ነው የሚሉት፤ በዕድሜ ከሁሉም ይበልጣል። አዳባና ዶዶላን ከድሮ ጀምሮ ያውቃል። የለውጡ ሐሳብ መነሻም እሱ ነው፤ «ይሄ ነገር እኮ አዲስ አይደለም፣ ዶዶላ ተሠርቷል» እያለ ይከራከር ነበር።

ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በጀርመን ድጋፍ የአዳባ ዶዶላ የደን ፕሮጀክት ተጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ደኑ በክፍል በክፍል ተሸነሸነ። በየክፍሉ የሚኖሩት ሰዎች ማኅበር መሠረቱና ከመንግሥት ጋር ውል ፈረሙ። የአንድ ማኅበር አባላት ከ30 ቤተሰብ እንዳይበልጡ፣ ለአንድ ቤተሰብም 12 ሄክታር ገደማ እንዲደርስ ተደረገ። ውሉ ኪራይ አለው፣ ቁጥጥር አለው፤ በምትኩ ደኑን የመጠቀምና ሌላውን የመከልከል መብት የእነሱ ሆነ። ጉብኝቱ የመጣው ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው። እንግዳ በፈረስ ከካምፕ ካምፕ ይሄዳል። ዋሆሮ፣ አንጋፉ፣ ሞሎሊቾ የሚባሉት ካምፖች ያኔ የተሠሩ ናቸው። ፈረሱን አንዱ ያከራያል፣ ካምፑን ሌላው ይጠብቃል፣ መንገዱን ሌላው ይመራል። በአንድ እንግዳ ጉዞ ብዙ ቤት ይነካል ማለት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የዚያ ሥራ ዋናው ትምህርት ፈረሱ አይደለም። መብቱ በውል መጻፉ ነው። አስጎብኚ ድርጅት የደን ውል መስጠት አይችልም፤ ከኋላው የቆመ ሕግ ከሌለ የእሱ አስተዋጽኦ ውስን ነው። ባለድርጅቷ ይህን ታውቃለች፣ በማስታወቂያዋ ላይም «ደን አዳንን» አትልም።

ያደረገችው ይህን ነው። ጉዞውን አራት ቀን ሦስት ሌሊት አደረገችው፦ አንዱ ሌሊት ዲንሾ፣ ሁለቱ ሪራ። አዲስ ቤት አልተሠራም። ፓርክ ውስጥ አዲስ ቤት መሥራት ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ያሉት ቤቶች ውስጥ ማደር፣ ያውም ፓርኩን አሳውቆ። በዝርዝሩ ላይ የአዳር፣ የምግብ፣ የመንገድ መሪና የማር ግዢ ለየብቻ ተጻፉ፤ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ እንግዳው አስቀድሞ ያያል። ዋጋው ግን ጨመረ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ስልክ እየደወለ «ለጎጆ ቤት ነው ይሄን ሁሉ?» የሚል ብዙ ነበር። ገሚሱ ወደ ሪዞርት ሄደ።

ችግሩ ከደንበኛው ብቻ አልመጣም። ያልተጠበቀው የመጣው ከቤት ውስጥ ነው።

ሹፌር እንግዳ ይዞ ጎባ ሆቴል ሲገባ የሚያገኛት ነገር አለች። ነፃ መኝታ፣ ነፃ እራት፣ አንዳንዴም ኮሚሽን። ይህን የማያውቅ አስጎብኚ የለም፣ የሚያወራው ግን የለም። አዳሩ ወደ ሪራ ሲዞር ያቺ ጥቅም ቀረች። ከዚያ መንገዱ «ይበላሽ» ጀመር። ጭጋግ ነው፣ ጎማ ነው፣ ሪራ ዛሬ ዝናብ ነው፣ ጎባ እንደር። ባለድርጅቷ መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም። ሲገባት አልጮኸችም፤ የሹፌሮቹን አበል ሪራ ለሚያድሩበት ሌሊት ከፍ አደረገችው። መንገዱ ወዲያው ተስተካከለ። እኔ ይህን ከሁሉም የበለጠ እወደዋለሁ። ስለ ዘላቂ ጉብኝት በሚሰጡ ሥልጠናዎች ላይ ስለ ሹፌር አበል ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።

ጉርሻውም እንዲሁ። ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ስትታይ እንግዳ ሁሉ «ጠጋ በል፣ ጠጋ በል» ይላል። ሹፌሩ ከመንገድ ወጥቶ ሣሩ ላይ ከነዳ ፎቶው ያምራል፣ ጉርሻውም ያምራል። ያ ብርድ ላይ ያለ ዕፅዋት ግን ጎማ ከረገጠው ቶሎ አይመለስም። ፍልፈሉም ጉድጓዱ ይደረመስበታል፤ ፍልፈል ከሌለ ቀበሮ የለም። አሁን ጉርሻ በአንድ ፖስታ ነው። ጉዞው ሲያልቅ ሐዋሳ ላይ ይሰበሰባል፣ ለሹፌር፣ ለመንገድ መሪና ሪራ ላይ ላበሰሉት ይከፋፈላል። ቀበሮ ታየም አልታየም ያው ነው። ጋሼ መጀመሪያ ተነጫነጨ። አሁን እሱ ራሱ ነው እንግዳውን የሚቆጣው፤ «የኔ ልጅ፣ መስኮትህን ዝጋና ዝም በል፣ ራሷ ትመጣለች።» ብዙ ጊዜ እውነትም ትመጣለች። መኪና ዝም ብሎ ከቆመ አትሸሸውም፤ የምትሸሸው በእግር የሚጠጋትን ሰው ነው።

አንዱን ጉዞ ቀረብ ብለን እንየው። ኅዳር ነው፣ ዝናቡ የቆመበት። ስምንት ሰዎች ናቸው፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦችና አብረዋቸው የመጡ ዘመዶች። ከመነሳታቸው ሁለት ቀን በፊት አንዷ እንግዳ ደወለች።

«ውሻዬን ይዤ ብመጣ ችግር አለው? ትንሽ ናት፣ መኪና ውስጥ ነው የምትቀመጠው።»

«እህቴ፣ አይቻልም።»

«ክትባቷን ጨርሳለች እኮ፣ ወረቀቱን ላሳይሽ?»

«ብታሳዪኝም አይቻልም። እዚያ ውሻ ይዞ መግባት የለም።»

ነገሩ ግትርነት አይደለም። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ነው ያሉት። ትልቁ ጠላታቸው ጥይት ሳይሆን ከውሻ የሚመጣ በሽታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ባሌ ውስጥ ብዙ ቀበሮ ጨርሷል። በመሐል ደግሞ ሌላ የውሻ ወረርሽኝ ገብቶባቸዋል። በመንጋ ስለሚኖሩ አንዷ ከያዛት ቤተሰቡን ይዛ ትሄዳለች። የቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራሙ የእረኞችን ውሾች የሚከትበው፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህም ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት የጀመረው ለዚህ ነው። የሐዋሳዋ ውሻ በሽተኛ ናት ማለት አይደለም። ግን ዛሬ ለከተበው ከተፈቀደ ነገ ላልከተበው «ለእሷ ፈቅዳችሁ የለ እንዴ» ይመጣል። እንግዳዋ አኮረፈች፣ ውሻዋን ለእህቷ ሰጥታ መጣች።

ምግብ ላይ ያለው ብልሃት ደግሞ ያገሬ ሰው ብልሃት ነው። ሪራ አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው። ከሐዋሳ የሚሄደው እንግዳ የተቀላቀለ ነው። ሥጋ ከተነሳ «ማን ባረከው?» ይመጣል፣ አንዱ ይበላል፣ አንዱ ጾሙን ያድራል። ረቡዕና ዓርብም አለ። ስለዚህ በጉዞው ላይ ሥጋ የሚባል ነገር የለም። ድንች፣ ጎመን፣ የገብስ ቂጣ፣ ገንፎ፣ ማር፤ ለማይጾም ደግሞ ወተትና እርጎ። ሁሉም እዚያው መንደር ይገኛል። ከሻሸመኔ ካርቶን ሙሉ ፓስታ ጭኖ መሄድ ቀረ፣ ገንዘቡም እዚያው ቀረ። የእሳቱን ነገር ግን ድርጅቱ ከሐዋሳ ይዞ ይሄዳል፤ የጋዝ ሲሊንደር። ለእንግዳ ተብሎ አስታና ኮሶ መቆረጥ የለበትም። ማታ ማታ «እሳት አንድዱልን፣ ካምፕ አይደል እንዴ» የሚል አይጠፋም። መልሱ ጋቢ ነው። ባለቤቶቹ በራሳቸው ምድጃ የሚያነዱት እሳት አለ፤ መሞቅ የፈለገ እዚያ ገብቶ ከሰዎቹ ጋር ይቀመጣል። እንዲያውም ጥሩ ጨዋታ የሚመጣው እዚያ ነው።

ፕላስቲኩ ግን አልተፈታም። ድርጅቱ ውሃ በትልልቅ ጀሪካን ይጭናል፣ እያንዳንዱ በራሱ ኮዳ ይቀዳል። ባዶ ሃይላንድ ከተገኘ ወደ ሐዋሳ ይመለሳል። በወረቀት ላይ ያምራል። መንገድ ላይ ግን ልጆቹ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይሮጣሉ። ለእነሱ ቆሻሻ አይደለም፤ ዘይት ይቀመጥበታል፣ ማር ይሸጥበታል፣ ትምህርት ቤት ውሃ ይያዝበታል። ባዶውን ጠርሙስ ጭኖ ማለፍ ስስት ይመስላል፣ በመስኮት መወርወር ደግሞ ልጆቹን መኪና ማሯሯጥ ማስለመድ ነው። አሁን የተገኘውን ሰብስበው ለአንድ ቤት ይሰጣሉ። እኔ መፍትሔ ነው ብዬ አላምንም፤ ግን ሌላ የተሻለም አልመጣልኝም።

ከስምንቱ አንዱ የመጣው አንበሳ ለማየት ነበር። ሐረና ውስጥ አንበሳ አለ፣ ጎፈሩ ጥቁር ነው ይባላል፣ ይህን አንብቦ ነው የመጣው። መንገድ መሪው የመንደሩ ወጣት ነው። ገና ከመኪና ሳይወርዱ ነገረው፤ «ወንድሜ፣ አንበሳ አለ። አንተ ግን አታየውም። እኔም ድምፁን ነው የማውቀው።» ሰውዬው ፊቱ ወደቀ። እዚህ ላይ ብዙ አስጎብኚ «ይመስለኛል እናያለን» ይላል። ልጁ ያላለው ስለተነገረው ነው፤ የማይታይ ነገር ተስፋ መስጠት በድርጅቱ ክልክል ነው።

ያዩት ምንድን ነው? ጠዋት ቀርከሃው ውስጥ ገቡ። መንገድ መሪው እጁን አነሳ፣ ሁሉም ቆሙ። መጀመሪያ የሚሰማው ቅጠል ሲቀነጠስ ነው። ከዚያ አንድ ቡናማ ጀርባ፣ ከዚያ ነጭ አገጭ። የባሌ ጦጣ ናት። በዓለም ላይ ያለችው ባሌና እዚህ እኛው ጎረቤት በሲዳማና በጉጂ ደጋ ላይ በተቆራረጡ ደኖች ውስጥ ብቻ ነው። ዋና ምግቧ የቀርከሃ ለጋ ቅጠል ነው። ሐዋሳ ሆቴል ውስጥ ከጠረጴዛ ላይ ዳቦ እንደምትነጥቀው ጦጣ ደፋር አይደለችም። ትፈራለች፣ ዝም ብለህ ካልቆምክ ትጠፋለች። አንበሳ ፈላጊው ሰውዬ አንድ ግልገል እናቱ ሆድ ላይ ተጣብቆ ቅጠል ሊነጥቃት ሲታገል አይቶ ሳቁን መያዝ አቃተው። መንገድ መሪው ቀርከሃ መቁረጥ የሚፈቀድበትንና የማይፈቀድበትን ቦታ ያሳያቸው እዚያው ቆመው ነው። አጥሩም፣ ቤቱም፣ ቀፎውም ከዚያ ነው፤ የጦጣዋ ምግብም ያው ነው። ከዚህ በላይ ነገሩን የሚያስረዳ ንግግር አያስፈልግም።

ጉሬዛ በየዛፉ ነበር። ድኩላ አዩ። ሦስተኛው ቀን ወደ ታች ወርደው የጫካ ቡና ሲለቀም ተመለከቱ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። «የጫካ ቡና ግዙ፣ ደኑን ታድናላችሁ» የሚለው አባባል ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ቡናው ዋጋ ባወጣ ቁጥር ለቀሚው ደኑ እንዳይመነጠር ይፈልጋል፣ ልክ ነው። ግን ዋጋ ባወጣ ቁጥር ከቡናው ሥር ያለውን ቡቃያ መመንጠር፣ ከላይ ያለውንም ጥላ ማሳሳት ይመጣል። ዛፎቹ ሲያረጁ የሚተካቸው አይኖርም። ከውጭ ለሚያይ ሰው ደን ነው፤ ውስጡ ግን ቡና ማሳ ሆኗል። ድርጅቱ እንግዳው ለቤቱ የሚሆን ትንሽ እንዲገዛ ያደርጋል እንጂ ቡናውን ዋና ሸቀጥ አላደረገውም። ብዙ ጥሬ ቡና ጭኖ ኬላ ማለፍም የራሱ ጣጣ አለው። ማሩ ላይ ነው ያተኮሩት። ማር አበባ ይፈልጋል፣ አበባ ደግሞ የቆመ ዛፍ ይፈልጋል።

ሒሳብ ያዧ የምታወራው ሌላ ነው። ለእሷ ጉዳዩ ሁሉ ደረሰኝ ነው። ጎባ ያለው ሆቴል ደረሰኝ ይቆርጣል። ሪራ ያሉት እናት አይቆርጡም። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ደግሞ ግብር ላይ ወጪ ሆኖ መያዙ ያጠራጥራል። ማለትም ድርጅቱ ለመንደሩ በከፈለ ቁጥር ትርፍ ያገኘ ይመስል ግብር ሊከፍልበት ነው። ለአንድ ትንሽ ድርጅት ይህ ቀላል አይደለም። እኔ ብዙ አስጎብኚዎች ገንዘቡን በከተማ ሆቴል የሚያስቀሩት ስግብግብ ስለሆኑ አይመስለኝም፤ ደረሰኙ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። መውጫው ክፍያውን ሕጋዊ በሆነና ደረሰኝ በሚሰጥ የአስጎብኚዎች ማኅበር በኩል ማሳለፍ ሆነ። ማኅበሩ ትንሽ ይቆርጣል፣ ቀሪውን ለየቤቱ ያደርሳል፣ ተቀባዩ ይፈርማል። ደርሷል አልደረሰም የሚለውን ባለድርጅቷ ራሷ ስትሄድ ለቤቶቹ ትጠይቃለች። አንዴ የዘገየ ክፍያ ተገኝቶ ጭቅጭቅ ነበር፤ ተፈታ።

ውጤቱን ማጋነን አልፈልግም። ከብቱ አሁንም ደኑ ውስጥ ነው። በበጋ ከቆላውም ከደጋውም የሚመጣ ከብት አለ፣ ይህ ከፓርኩ ዕድሜ በፊት የነበረ ልማድ ነው። እሳትም አለ። በዓመት ውስጥ ጥቂት ወራት እንግዳ የሚያስተናግድ ቤት ላሙን ሸጦ በእንግዳ አይተዳደርም፤ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ሲቆይ ያ ሁሉ ጊዜ ገቢ የለም። መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብሎ ከመነሳት በፊት መደወልም አለ፤ መልሱ ጥሩ ካልሆነ ጉዞው ይሰረዛል፣ ቀብድ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ወር ሪራም ባዶ፣ ድርጅቱም ባዶ ነው። ጀልባውን ያልተወችው ለዚህ ነው። ብዙውን ጊዜ ደሞዝ የሚከፈለው ከሐይቁ ነው።

የተለወጠው ምንድን ነው ካላችሁ፣ አንዱ ግንኙነቱ ነው። መንገድ ላይ ዛፍ ሲወድቅ ወይም ድልድይ ሲበላሽ የሚደውለው አሁን ከሪራ ነው። የሐዋሳ ደንበኞችም ተለውጠዋል፤ ከጎጆው ዋጋ ጋር የተጣሉት ሄደዋል፣ የቀሩት ጓደኛ ይዘው ይመለሳሉ። አንበሳ ፈላጊው ሰውዬ ልጆቹን ይዞ ለመመለስ ቀብድ ከፍሏል።

አሁን ያለው ክርክር የተራ ነው። እስካሁን እንግዳ የሚያሳድሩት ንጹሕ መጸዳጃ ያላቸው ጥቂት ቤቶች ናቸው። ሌሎቹ «እኛስ?» ብለዋል። ባለድርጅቷ መጸዳጃ ሳይሠራ እንግዳ አላሳድርም ትላለች። እነሱ ደግሞ እንግዳ ሳይመጣ በምን ገንዘብ ይሠራል ይላሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ጋሼ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቤቶች ድርጅቱ ያበድር፣ ከአዳሩ ክፍያ ይቆረጥ የሚል ሐሳብ አምጥቷል። ሒሳብ ያዧ እስካሁን አልተስማማችም። ከመስቀል በኋላ ሪራ ላይ ስብሰባ ተቀጥሯል።